የመጋዘን ቅጥያ ታሪክ፦ ከአሮጌው ሕንፃ የምናስቀረው ምንድን ነው?

በየመሐሉ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የሕንፃ ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከቤተ መቅደስና ከቤተ መንግሥት ነው። መጋዘን በታሪካችን ውስጥ ስም የለውም። ያለ እሱ ግን ገበያም፣ ወደብም፣ ባቡርም አይታሰብም። እኔ ዛሬ የማነሣው የመጋዘንን አሠራር እንኳ አይደለም፤ ተሠርቶ ካለቀ፣ አንዳንዴም ዓላማውን ከጨረሰ በኋላ ስለሚደረግለት ቅጥያ ነው። አንድ ሕንፃ ሲቀጠል በዚያች ቀን አሮጌው ይመረመራል፤ ይለካል፤ መሠረቱ ይቆፈራል፤ ወረቀቱ ይፈለጋል። የመጀመሪያው ሠሪ ምን አስቦ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ቆጠበ፣ ምን እንደ ደበቀ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለታሪክ ተመራማሪ ቅጥያ ትልቅ ሰነድ ነው።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አሮጌ መጋዘን ሲቀጠል ሁሉም ሰው «አሮጌውን ጠብቀነዋል» ይላል። የሚጠበቀው ነገር ግን በየቦታው ይለያያል። አንዱ አጥንቱን ያስቀራል፤ አንዱ ቆዳውን ብቻ ያስቀራል፤ አንዱ ደግሞ በውስጡ ያለውን ባዶ ቦታ። የትኛውን እንደምናስቀር ሳንወስን ሥራ ስንጀምር ገንዘብም ታሪክም እናጠፋለን። ይህን በሦስት ሕንፃዎች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ከራሴ ሕይወት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ፣ ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ፣ አንድ የቡና ማከማቻ መጋዘን እንዳይ ተላክሁ። ባለ ብረት ፍሬም፣ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ረጅም ሕንፃ ነበር። ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት በአንደኛው ጫፍ በኩል እንዲረዝም ይፈልጋል፤ ንድፉን ግን ቢያፈላልግ አጣው። መዝገብ ቤቱ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ሲዛወር ጠፍቷል ተባለ። ንድፍ ከሌለ ስሌት የለም፤ ስሌት ከሌለ ኃላፊነት የሚወስድ የለም። እኔም «የነባሩ ሕንፃ አቅም ስለማይታወቅ ፈርሶ አዲስ ይሠራ» የሚል ሪፖርት በልቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

በቦታው የነበሩ አንድ አዛውንት ፎርማን ግን፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ወደ ጫፉ ግድግዳ ወሰዱኝ። «ኢንጂነር፣ ከመጻፍዎ በፊት ይህችን ይዩልኝ» አሉና መሰላል ላይ አወጡኝ። የመጨረሻው ፍሬም ውጫዊ ጎን ላይ፣ በወፍራም ቀለም የተደፈኑ የብሎን ቀዳዳዎች በእኩል ርቀት ተደርድረው ነበር። ምንም ያልታሰረባቸው፣ ምንም የማይሸከሙ ቀዳዳዎች ናቸው።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለምህንድስና ተማሪዎች ግልጽ ነው፤ ለሌሎቻችሁ ላብራራ። በእንዲህ ያለ መጋዘን ውስጥ መሐል ላይ ያለው እያንዳንዱ ፍሬም ከግራም ከቀኝም ያለውን ጣሪያ ይሸከማል። የጫፉ ፍሬም ግን የሚሸከመው ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ጭነቱ በግማሽ ያህል ያንሳል። ቆጣቢ ነዳፊ የጫፉን ፍሬም ቀጭን ያደርገዋል፤ ወይም ጭራሽ ትቶት የጣሪያውን ጫፍ በቀጫጭን ምሰሶዎች ያስደግፈዋል። በዚያ መጋዘን ግን የጫፉ ፍሬም ከመሐሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። የፍተሻ ጉድጓድ አስቆፍረን መሠረቱን ስናይም ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ አገኘነው። ስሙን የማላውቀው ሰው ይህን ሕንፃ ሲነድፍ አንድ ቀን እንደሚረዝም አስቧል፤ ለዚያም ብረትና አርማታ ጨምሯል፤ ቀዳዳውንም በስቶ ሄዷል።

ሪፖርቴን ቀየርሁ። የጫፉ ቆርቆሮ ተነቅሎ፣ አዳዲሶቹ ፍሬሞች ቆመው፣ ያው ቆርቆሮ በአዲሱ ጫፍ ላይ ተመልሶ ተመታ። እዚህ የተጠበቀው አጥንቱ ነው። ታሪኩም በወረቀት ላይ ጠፍቶ በብረቱ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ሆኖም አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል፦ እኒያ አዛውንት በዚያ ቀን ባይኖሩ ኖሮ፣ ደህና ሕንፃ በእኔ ፊርማ ይፈርስ ነበር።

ሁለተኛው ሕንፃ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ወደብ ይገኛል። ሐምቡርግ ለእኛም ባዕድ አይደለችም፤ ቡናችን ወደ አውሮፓ ከሚገባባቸው ወደቦች አንዷ ናት። የመጋዘን ታሪክ ለማጥናትም ከእሷ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በ1888 ከተማዋ ወደ ጀርመን የጉምሩክ ክልል ስትገባ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚቀመጥበት ሰፊ የመጋዘን ሰፈር ተሠራ። ሽፓይሸርሽታት ይባላል፤ «የመጋዘን ከተማ» እንደ ማለት ነው። ለዚያ ግንባታ ሲባል ወደ 20,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ሰፈሩ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተወደሰው የጡብ ሥራው ነው። እኛ ግን ተነሺዎቹንም ከጡቡ ጋር አብረን ማስታወስ አለብን።

ከዚያ ሰፈር በስተ ምዕራብ፣ በኤልቤ ወንዝ ዳር በሚገኝ የመሬት ጫፍ ላይ፣ በ1875 አንድ ትልቅ መጋዘን ተሠርቶ ነበር። ግንብ ነበረው፤ በግንቡ ላይ በተወሰነ ሰዓት የምትወርድ ኳስ ነበረች፤ መርከበኞች እሷን እያዩ ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር። ሕንፃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ተጎዳ፤ ፍርስራሹም በ1963 ተደርምሶ ተነሣ። በቦታው ላይ ቬርነር ካልሞርገን የተባለው አርክቴክት ከ1963 እስከ 1966 አዲስ መጋዘን ሠራ። ካይሽፓይሸር አ ይባላል። ጌጥ የለውም። ቀይ ጡብ፣ ትንንሽ መስኮቶች፣ ከባድ አርማታ፤ ያ ብቻ ነው። የተሠራው ካካዎ፣ ሻይና ትምባሆ በጆንያና በሣጥን ተቆልሎ እንዲቀመጥበት ነበር።

ሕንፃው በተመረቀ በሁለት ዓመቱ ዓለም ተለወጠች። በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ኮንቴይነሮችን በመርከብ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ልኮ ነበር። ያ አሠራር በ1968 ሐምቡርግ ደረሰ፤ አሜሪካን ላንሰር የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ በወደቡ መልሕቋን ጣለች። ከእንግዲህ ጆንያ በክሬን እየተነሣ በየፎቁ መስኮት መግባቱ ቀስ በቀስ ይቀራል። ዕቃው ሜዳ ላይ፣ በብረት ሣጥኑ ውስጥ ያድራል። ካይሽፓይሸር አ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ እያዘገመ አገለገለ፤ ከዚያም ባዶውን ቀረ።

በ2001 አሌክሳንደር ጄራርድ የተባለ አርክቴክትና ባለሀብት ከባለቤቱ ከያና ማርኮ ጋር ሆኖ በዚህ መጋዘን ላይ የሙዚቃ አዳራሽ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ሄርዞግና ደ ሜሮን የተባሉት የስዊዘርላንድ አርክቴክቶች የሣሉት ንድፍ በ2003 ለሕዝብ ሲታይ ከተማው በአድናቆት ተቀበለው። ከታች ያልተነካ የጡብ መጋዘን፣ ከላይ እንደ ማዕበል የሚነሣ መስታወት። ሐሳቡም በምህንድስና ዓይን የሚያሳምን ይመስል ነበር። የአገራችን የ2015 የሕንፃ ኮድ መሠረት ያደረገው የአውሮፓ ደረጃ ለመጋዘን ወለል በካሬ ሜትር ቢያንስ 7.5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 750 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭነት እንዲታሰብ ይመክራል። ቋሚ ወንበር ላለው አዳራሽ የሚመከረው 4 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። «ካካዎ የተሸከመ ሰው መሸከም እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ አይገርምም።

ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። የሙዚቃ አዳራሽ ክብደት ከተመልካቹ አይመጣም፤ ከግድግዳው ነው የሚመጣው። በወደቡ የሚያልፉ መርከቦች ጡሩንባ ወደ ውስጥ እንዳይሰማ፣ አዳራሹ በሌላ ቅርፊት ውስጥ የተንጠለጠለ ሌላ ቅርፊት ሆኖ ተሠራ። 12,500 ቶን የሚመዝነው ይህ አካል ያረፈው በ362 የስፕሪንግ ጥቅሎች ላይ ነው። በዚህ ላይ ሆቴልና መኖሪያ ቤቶች ተጨመሩ። የካልሞርገን መጋዘን 1,111 የአርማታ ፓይሎች ነበሩት፤ ለአዲሱ ጭነት 650 ተጨማሪ ፓይሎች አስፈለጉ። ፓይል ለመቅበር ደግሞ ወለሎቹ መነሣት ነበረባቸው። ስለዚህ የመጋዘኑ ውስጥ በሙሉ ተቦርቡሮ ወጣ፤ የውጪ የጡብ ግድግዳዎቹ ብቻ ተደግፈው ቆሙ። ካካዎ የተሸከሙት ወለሎች፣ ቅጥያውን ያሳመኑት እነዚያው ጠንካራ ወለሎች፣ ዛሬ የሉም። የተጠበቀው ቆዳው ነው።

ሥራው በ2007 ሲጀመር በ2010 ያልቃል ተብሎ ነበር። በ2011 መገባደጃ ላይ በአዳራሹ ጣሪያ ጉዳይ በተነሣ ክርክር ግንባታው ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። አዳራሹ የተከፈተው ጥር 11 ቀን 2017 ነው። መጀመሪያ ከከተማው ካዝና ይወጣል የተባለው 77 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ በመጨረሻ የወጣው 789 ሚሊዮን ሆነ። የከተማው ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው ዘገባ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ዋነኛው፣ ንድፉ ሳይበስል ጨረታ መውጣቱና ሥራው መጀመሩ ነው።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን ይህንንም ልጨምር። ኤልብፊልሃርሞኒ ዛሬ በሐምቡርግ ሕዝብ እጅግ የተወደደ ሕንፃ ነው። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል፣ ከመሬት 37 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሰፊ አደባባይ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ትኬት ያልገዛ ሰውም ወጥቶ ወደቡን ያያል። በአንድ ወቅት ለጉምሩክና ለነጋዴ ብቻ ክፍት የነበረ ቦታ የሕዝብ ሆኗል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትችቴ ሌላ ነው፦ ከተማው አጥንቱን እንደሚጠቀም አስቦ ጀመረ፤ ቆዳውን ብቻ ይዞ ቀረ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መጀመሪያ ላይ ቢለካው ኖሮ፣ ቢያንስ የሚከፍለውን ዋጋ ዐውቆ ይገባበት ነበር።

ሦስተኛው ሕንፃ በሰሜን ፈረንሳይ በደንከርክ ከተማ ባሕር ዳር ይገኛል። በጥብቅ ትርጉሙ መጋዘን አይባልም፤ የመርከብ ክፍሎች ተገጣጥመው የሚወጡበት እጅግ ረጅም አዳራሽ ነበር። ሆኖም የገጠመው ጥያቄ ከመጋዘኖቻችን ጥያቄ ጋር አንድ ነው። የመርከብ ሥራው በ1980ዎቹ ማብቂያ ሲዘጋ አዳራሹ ብቻውን ቀረ። የአካባቢው ሰዎች ከግዝፈቱ የተነሣ «ካቴድራሉ» ይሉታል። በ2009 በተካሄደ ውድድር፣ የክልሉ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ስብስብ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲቀመጥ አርክቴክቶች ንድፍ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ።

አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል ወደ ውስጡ ገብተው ያዩት ነገር ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ይህን አዳራሽ በክፍልና በፎቅ ከሞላነው ትልቁ ሀብቱ ይጠፋል አሉ። ሀብቱ ባዶነቱ ነው። ስለዚህ ከጎኑ፣ በመጠንም በቅርፅም ከእሱ ጋር እኩል የሆነ መንትያ ሕንፃ አቆሙ፤ በቀላል ብርሃን አስተላላፊ ነገር አለበሱት፤ የሥነ ጥበብ ስብስቡን በሙሉ እዚያ አስገቡት። አሮጌውን አዳራሽ ለትልልቅ ዝግጅቶች እንዲያገለግል ባዶውን ተዉት። ሥራው በ2013 ተጠናቀቀ። ሁለቱ አርክቴክቶች በ2021 የፕሪትዝከር ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ከተወሱት ሥራዎቻቸው አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ ሕንፃ ባሰብሁ ቁጥር የአገሬ ገበሬ ትዝ ይለኛል። አዝመራ ሲበዛለት ጎተራውን ሰንጥቆ አያሰፋም፤ አጠገቡ ሌላ ጎተራ ያቆማል። የመጀመሪያው እንደ ነበረ ይቆያል፤ እህሉም አይበላሽም። አንዳንዴ ነባሩን ሕንፃ ከሁሉ በላይ የሚያከብረው ቅጥያ፣ ሳይነካው አጠገቡ የሚቆመው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ድሬዳዋ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከሐዲዱ ጋር መጋዘንና የጥገና አዳራሽ መጣ። ዛሬ ባቡሩ በ2016 በተመረቀው በሌላ መሥመር ይሄዳል፤ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ግን ያሉበት አሉ። በዋና ከተማችንም ጎተራ ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻ ነው። ከዚያ ተነሥታችሁ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ስትወጡ የቆርቆሮ ጣሪያ ተራ በተራ ታያላችሁ። በእነዚህ ሕንፃዎች ዕጣ ላይ የሚወሰነው በእናንተ ዕድሜ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ እኔ ያን ጊዜ በልቤ የጻፍሁትን ሪፖርት እንድትጽፉ ትጠየቃላችሁ።

ያን ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ አጥንቱ ምን ይችላል? ይህ በጉድጓድ፣ በሜትርና በስሌት የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ በግምት አይመለስም። የጫፉን ፍሬም እዩ፤ መሠረቱን ቆፍሩ፤ አዲሱና አሮጌው መሠረት እኩል ስለማይሰምጡ በመካከላቸው ክፍተት ተዉ፤ ሁለት ጣሪያ በሚገናኝበት አሸንዳ የክረምቱን ዝናብ አስቡ። ሁለተኛ፣ የምናስቀረው ቆዳውን ብቻ ከሆነ ይህን በግልጽ ተናግረን፣ ዋጋውን አስልተን ነው ወይ የምንገባው? ሦስተኛ፣ ምናልባት የሕንፃው ትልቅ ሀብት ባዶው ቦታ ይሆን? ከሆነ መሙላቱ ማጥፋት ነው።

በዚህ ላይ አንድ አራተኛ ነገር አለ፤ እሱ ግን ትእዛዝ ነው። የምትሠሩትን ንድፍ አስቀምጡ። ለባለቤቱ ስጡ፤ ለከተማው ስጡ፤ ለዚህ ፋኩልቲም ስጡ። የቆሙትን ሕንፃዎች ደግሞ ዛሬውኑ ለኩ፤ የሠሩባቸውን ሰዎች ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ጻፉ። ወረቀቱ ሲጠፋ የሚያስታውስ ሽማግሌ ሁልጊዜ በቦታው አይገኝም።

ያን የቡና መጋዘን ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንገዴ ላይ ጎራ ብዬ አይቼው ነበር። አሁንም ያገለግላል። በአዲሱ ጫፍ በኩል ዞሬ ወደ ላይ ተመለከትሁ፤ እኛ ባቆምነው የመጨረሻ ፍሬም ላይ ቀለም የተቀቡ የብሎን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ያን ጊዜ አንዳንዶች «ለምን ታባክናለህ?» ብለውኝ ነበር። አሁን ማን እንደሚጠቀምባቸው አላውቅም። የመጀመሪያውም ሠሪ እኔን አያውቀኝም ነበር።